የቲምነት በ18 ያበቃል፤ አማናውስ?



ረመዷን በገባ ቁጥር ጀመዓችን የማይተወው አንድ ፕሮግራም አለ። ከየዶርሙ ገንዘብ እናዋጣለን፤ እህቶች ሳምቡሳውን ይጠቀልላሉ፤ ወንድሞች ቴምርና ውሃውን ይሸከማሉ፤ መኪና ተከራይተን በከተማው ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ እንሄዳለን። ከልጆቹ ጋር እናፈጥራለን፣ መግሪብን አብረን እንሰግዳለን፣ ለዒድ የሚሆን ልብስ ሰጥተን እንመለሳለን። አላህ ይቀበለንና መልካም ሥራ ነው፤ ኢንሻአላህ ይቀጥላልም።

ባለፈው ዓመት ግን ለዚሁ ፕሮግራም ስም ስንመዘግብ አንድ የዶርም ወንድማችን "እኔን ተዉኝ" አለን። ፈተና ደርሶበት መስሎን ጨቀጨቅነው። በመጨረሻ፣ "እኔ እኮ እናንተ ከምትሄዱላቸው ልጆች አንዱ ነበርኩ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይመጣልን ነበር። ከወጣሁ በኋላ ግን የት እንደማድር የጠየቀኝ የለም" አለን። ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል አድረናል። ክረምት ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ከእኛ ጋር ከግቢ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያን ቀን ስላፈርን ነው። ወንድማችን ስሙን እንዳንጠቅስ ነግሮን፣ የደረሰበትን እንድንጽፍ ግን ፈቅዶልናል። የምንለው አጭር ነው። የቲምን የማስጠጋት አማና ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው አያበቃም። ጀመዓችን ለየቲሞች ከሚያወጣው ገንዘብና ጉልበት አንዱ ክፍል ልጁ ከማሳደጊያ ወጥቶ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚፈልግበት ጊዜ መዋል አለበት።

ከማሳደጊያው በር ውጭ

በቤተሰብ ሕጋችን ሰው 18 ዓመት ሲሞላው አካለ መጠን አደረሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ አሳዳጊ አያስፈልገውም ተብሎ ይታሰባል። የማሳደጊያ አልጋ ደግሞ ውስን ነው፤ ትልቁ ካልወጣ ትንሹ አይገባም። ስለዚህ ማሳደጊያዎችን ለመውቀስ አልተነሳንም። ወንድማችንም አንድ ቀን እንኳ ክፉ ሲያወራባቸው አልሰማንም። ያሳደጉት እናቶች ዛሬም ይደውሉለታል።

ነገር ግን አንድ ሐቅ አለ። ከ2010 ጀምሮ የአገራችን ልጆች ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ተከልክሏል። ብዙዎቻችን ይህን በደስታ ተቀብለናል፤ ልጆቹ ከሃይማኖታቸውና ከአገራቸው ተነቅለው እንዳይቀሩ እንሰጋ ነበርና። እንግዲህ ልጆቹ እዚሁ ያድጋሉ ካልን፣ እዚሁ 18 ይሞላቸዋል፣ እዚሁም ቤት ይፈልጋሉ። ክልከላውን ስንደግፍ ይህን ኃላፊነት አብረን መቀበላችንን ያሰብነው አይመስልም።

ዩኒቨርሲቲ መግባት ለብዙዎቻችን ከቤት መውጣት ነው። ለወንድማችን ግን ቤት ማግኘት ነበር። አልጋ አለ፣ ካፌ አለ፣ ቁልፍ አለው። ያ ቤት ግን ክረምት ሲመጣ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደግሞ ክሊራንስ ተፈርሞ፣ ፍራሽና ቁልፍ ተመልሶ ለዘለዓለም ይዘጋል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሲያሰናብቱ ግቢ የነበሩ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ትእዛዙ ሁሉም ተማሪ የሚሄድበት ቤት እንዳለው የሚቆጥር ነበር። ቤት የሌለው ተማሪ በዚያች ሳምንት ምን እንዳደረገ ጀመዓችን መዝግቦ አላስቀመጠም። አልጠየቀም ነበርና።

ቤት ፍለጋ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለን ሦስት ልጆች ከወንድማችን ጋር ሆነን ቤት ለመጠየቅ ተነሳን። ሦስት መንገድ ታየን፤ የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ ካልሆነም ኪራይ።

የቀበሌ ቤት የምንለው መነሻው በሐምሌ 1967 የወጣው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ኪራዩ ከገበያው ጋር ስለማይወዳደር ለድሃው ትልቅ መጠለያ ሆኖ ኖሯል። ብዙዎቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። የቀረው ሲለቀቅ ለችግረኛ ይሰጣል ተብሎ ማመልከቻችንን ጽፈን ወንድማችን ወዳደገበት ወረዳ ሄድን።

መስኮቱ ላይ የነበሩት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። "የኔ ልጅ፣ የቤተሰብ ቅጽህ የታለ?" አሉት።

"ቤተሰብ የለኝም እናቴ። ማሳደጊያ ነው ያደግኩት።"

"እሺ፣ አሁን የምትኖርበት የቤት ቁጥርስ?"

"አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ።"

"እንግዲያው የዚህ ወረዳ ነዋሪ አይደለህማ።"

ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ቀድሞ ጠይቆ ነበር። እዚያ ደግሞ ተማሪ በዶርም አድራሻ የነዋሪነት መታወቂያ እንደማይሰጠው ነግረውታል። ፋይዳ አለው፤ ፋይዳ ማን እንደሆነ ይመሰክርለታል፣ የወረዳውን መታወቂያ ግን አልተካለትም። ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ቤት ለመጠየቅ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፣ ነዋሪ ለመሆን ደግሞ ቤት ያስፈልጋል።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ወፍራሙን መዝገብ ገልጠው አሳዩን። አረጋውያን አሉ፣ አካል ጉዳተኞች አሉ፣ ሦስትና አራት ልጅ ይዘው ላስቲክ ቤት ውስጥ የሚኖሩ እናቶች አሉ። "ወጣት ነህ፣ ጤነኛ ነህ፣ ነገ ትመረቃለህ። ከእነዚህ ማንን ዘልዬ ላንተ ልስጥህ?" አሉት። መልስ አልነበረንም። እሱም "እውነታቸውን ነው" ብሎ ማመልከቻውን አስገብቶ ወጣ። ማመልከቻው ዛሬም እዚያው ነው።

ኮንዶሚኒየሙ የባሰ አጭር ነበር። በአዲስ አበባ ሰፊው ሕዝብ ለቤት የተመዘገበው በ1997 እና በ2005 ነው። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ በየባንኩ በር ሰው ሲሰለፍ ትዝ ይለን ይሆናል፤ ከመካከላችን የአባቱን እጅ ይዞ የተሰለፈ አለ። ወንድማችን ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። እኛም ሕፃናት ነበርን፤ ልዩነቱ ግን እኛን የሚመለከት ሰው ተመዝግቦ ነበር። አባት ተመዘገበ፣ እናት ቆጠበች፣ አንድ ቀን ዕጣ ቢወጣ ልጅም ይገባበታል። የቀበሌ ቤትም ቢሆን አብሮ ሲኖር ለነበረ ልጅ ውሉ የሚተላለፍበት መንገድ አለ። በከተሞቻችን ቤት የሚገኘው በብዛት ከቤተሰብ ነው። ቤተሰብ የሌለው ሰው ወረፋው ከየት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም።

ለሙስሊሙ ሌላም ጥያቄ አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው በ20/80 ቀሪውን ዋጋ የሚከፍለው በወለድ የባንክ ብድር ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናረዝመውም፤ ነገር ግን ጀመዓችን ስለ ቤት ሲነጋገር ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ እንዲሰፋ መጠየቅን መርሳት የለበትም።

የቀረው ኪራይ ነው። ደላላ አንዲት ክፍል አሳየን፤ በሯ ወደ ጓሮ የሚከፈት፣ መጸዳጃው የጋራ። አከራዩ አባት ወንድማችንን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ "ወላጆችህ የት ናቸው? ዋስ ማን ይሆንሃል?" አሉት። ከዚያ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠየቁ። ከእኛ አንዱ የሕግ ተማሪ ስለሆነ በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጠቀሰላቸው። በአዋጅ ቁጥር 1320 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። አባት ሳቁና፣ "እንግዲያው ሕጉ ያከራይህ" አሉን።

በመጨረሻ ቤት የተገኘው ከሕጉም ከመዝገቡም አልነበረም። ከጀመዓችን ተመርቆ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ታላቅ ወንድም "ክፍሌ ሁለት ፍራሽ ይችላል" አለ። ዛሬ ወንድማችን ክረምትን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ይህ የሆነው አንድ ልጅ ረመዷን ላይ አፉን ስለከፈተ ነው። አፉን ያልከፈተው ስንት ነው?

ስለ እህቶችም ሳናነሳ አናልፍም። ከማሳደጊያ የወጣች ወጣት ሴት ብቻዋን ክፍል ልከራይ ስትል የሚደርስባት ጥያቄና ጥርጣሬ ከወንዱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ሰው ቤት መቀጠር ይሆናል፤ ወይም ወደ ዓረብ አገር መሄድ። ሥራውን የምትመርጠው ለደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ማደሪያ ስላለው ነው። ሥራና ቤት አንድ ሲሆኑ ደግሞ ቢበድሏት መውጣት አትችልም፤ ከሥራ መውጣት ጎዳና ላይ መውጣት ነውና።

ዲናችን ምን ይለናል?

በሱረቱ አድ-ዱሓ አላህ (ሱ.ወ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸጋውን ሲያስታውሳቸው ሦስት ነገር ያነሳል፤ ማስጠጋቱን፣ መምራቱን፣ ማብቃቃቱን። ከሦስቱ መጀመሪያ የመጣው የቲም ሆነው አግኝቶ ማስጠጋቱ ነው። መጠለያው ከሀብቱ ቀደመ። እኛ ግን ልብስና ምግብ እየሰጠን መጠለያውን ለሌላ ሰው ትተነዋል።

የእርሳቸውን ሕይወት እንመልከት። አባታቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን አጡ፤ በስምንት ዓመታቸው አያታቸው ዐብዱልሙጠሊብ አለፉ። ከዚያ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ወሰዷቸው። አቡ ጧሊብ ብዙ ልጆች ያሏቸው፣ ሀብት ያልነበራቸው ሰው ነበሩ። ነገር ግን ለአቅመ አዳም ሲደርሱ "እንግዲህ ውጣ" አላሏቸውም። ለንግድ ይዘዋቸው ሄዱ፤ በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ከጎናቸው ቆሙ፤ ከነቢይነት በኋላ እንኳ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ ከለላ ሆኗቸው። ልጅን ማሳደግ ማለት በኛ ባህልም እንዲሁ ነው። የማን እናት ናት ልጇን የልደት ቀኑን ቆጥራ ከቤት የምታስወጣ?

"ግን እኮ በሸሪዓ ከጉርምስና በኋላ የቲምነት የለም" የሚል ወንድም ይኖራል። ልክ ነው፤ በዚህ ትርጉም የሚያስተላልፍ ሐዲስ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ነገር ግን ቁርኣን ስለ የቲሞች ገንዘብ ሲናገር፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ፣ ዕድሜን ብቻ መስፈርት አላደረገም። አሳዳጊው እንዲፈትናቸው፣ ለጋብቻ ዕድሜ ሲደርሱም ቅንነትና ብስለት ሲያይባቸው ገንዘባቸውን እንዲያስረክባቸው አዟል። ሁለት መስፈርት ነው፤ መድረስ እና መብሰል። የአሳዳጊነት አማና የሚጠናቀቀው ልጁ ራሱን ችሎ መቆም መቻሉ ሲታይ ነው። አንድ ቀን ወደ ኋላ ያላየ ልጅ ዋስ፣ ደላላ፣ ውል፣ የመብራት ቆጣሪ በአንድ ሳምንት እንዲያውቅ መጠበቅ ያን ማዕረግ መዝለል ነው።

ሌላው ሱረቱ አል-አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ነው። ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ካዘዘ በኋላ፣ አባቶቻቸው ካልታወቁ የሃይማኖት ወንድሞቻችን እንደሆኑ ይነግረናል። ወንድማችን ወረዳው ቅጽ ላይ የአያት ስም የሚለው ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዞ ቆም ሲል አይተናል። የሞላው ማሳደጊያው ያወጣለትን ስም ነው። በዚያች ቅጽበት ነው አንቀጹ ለእኛ የወረደ የመሰለን። "ቤተሰብህ ማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ አላህ መልሱን ሰጥቷል፤ መልሱም እኛ ነን። ወንድም ማለት ደግሞ ዋስ የሚሆን፣ ፍራሽ የሚያካፍል፣ ክረምት ሲመጣ "የት ነህ?" የሚል ነው።

ይህ ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና መስጂድ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሶሓባዎች የሚያድሩበት ሱፋ የሚባል ጥላ ነበር። እዚያ ካደሩት አንዱ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ያን ሁሉ ሐዲስ ያስተላለፉልን። ወደ አገራችን ስንመጣ ወሎ ውስጥ ከሩቅ መጥቶ ኪታብ የሚቀራውን ደረሳ ያኖረው የመንደሩ ሰው ነው። አንዱ ማደሪያ፣ ሌላው ሙዳይ ሙሉ ዳቦ ይሰጣል። ያ ደረሳ ማመልከቻ አልጻፈም፤ የማን ልጅ እንደሆነም ብዙ አልተጠየቀም።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

"ይህ የመንግሥት ሥራ ነው" የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ የመንግሥትም ሥራ ነው፤ የምንጠይቀውን ከታች እናቀርባለን። ነገር ግን መዝገቡ እስኪያጥር ድረስ ልጁ ዛሬ ማታ የት ይደር? ኢፍጧሩንም እኮ "የመንግሥት ሥራ ነው" ብለን አልተውነውም።

"ግቢ ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤት የመጣ ተማሪ ስንት አለ፤ ለምን ለእነዚህ ብቻ?" የሚሉም አሉ። የገበሬው ልጅ ችግሩ ትልቅ ነው፤ የጀመዓው እርዳታም ሊደርሰው ይገባል። ቢሆንም እሱ ክረምት ሲመጣ የሚገባበት ጎጆ፣ ያለውን የምታካፍለው እናት አለችው። ከማሳደጊያ የወጣው ልጅ የሚጎድለው ያ ነው። ደግሞም የኛ ወንድም ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ነው። ማትሪክ ያልመጣለት፣ በ18 ዓመቱ በቀጥታ ጎዳና ላይ የወጣው ጓደኛው ከእሱ በላይ ቤት ያስፈልገዋል።

"ዘካ ለየቲም ነው፤ እሱ አድጓል" የሚለውም ስህተት ነው። በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ተቀባዮች ውስጥ "የቲም" የሚል በስሙ የለም፤ ድሃና ምስኪን ግን በመጀመሪያ ተጠቅሰዋል። ከማሳደጊያ ወጥቶ ገቢም ቤትም የሌለው ወጣት በድህነቱ ዘካ ይገባዋል። ዝርዝሩን ዐዋቂ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንወቅ። በየባቹ አንድ ወንድምና አንዲት እህት፣ ክረምትና ዒድ ሲደርስ መሄጃ የሌለው ተማሪ ማን እንደሆነ በምስጢር ይወቁ። በማይክራፎን አይነገርም፣ ስም አይለጠፍም፣ ፎቶ አይነሳም። ወንድማችን ሁለት ዓመት የደበቀን ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ እንዳናዝንለት ስለፈራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከየቲም ፕሮግራሙ በጀት አንድ ክፍል "የመጀመሪያ ቤት" ተብሎ ይቀመጥ። ብዙ አይጠይቅም፤ ሕጉ የፈቀደውን የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ፣ አንድ ፍራሽ፣ ምድጃና ድስት ይሸፍን። አንድ ዓመት አንድ ልጅ ብቻ ብናስገባበት እንኳ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች ሆይ፣ ከወራት በኋላ እናንተም ክፍል ትከራያላችሁ። ሦስት ሆናችሁ ስትከራዩ አራተኛውን አስቡት። ወንዶች ከወንዶች፣ እህቶች ከእህቶች ጋር። ዋስ ሁኑ። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ አብሯችሁ የሚኖረውንም ስም አስገቡ፣ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ለእናንተ ወረቀት ነው፤ ለእሱ አድራሻ ነው።

አራተኛ፣ የሕግ ተማሪዎቻችን ከልጆቹ ጋር ወረዳ ይሂዱ። ማመልከቻው በጽሑፍ ይግባ፣ የገባበት ቀንና ቁጥር ይያዝ፣ እምቢ ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። ብቻውን የሄደ ልጅ መስኮቱ ላይ ሁለት ቃል ሰምቶ ይመለሳል። ሦስት ሆነው ሲሄዱ ቢያንስ መዝገቡ ይገለጣል፤ አይተነዋል።

አምስተኛ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎችንና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቶችን እንጠይቅ። ለመስጂድ ወቅፍ የሆኑ የሚከራዩ ቤቶችና ሱቆች ባሉበት አንዲት ክፍል ከማሳደጊያ ለወጣ ወጣት ለተወሰነ ጊዜ ትሰጥ። ወቅፍ ከጥንትም የተሠራው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ መንግሥትን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማሳደጊያው የሚሰጠው ደብዳቤ ልጁ ላደገበት ወረዳ ነዋሪነቱ በቂ ማስረጃ ይሁን፤ የቀበሌ ቤት ሲታደልም ሆነ ወደፊት የቤት ምዝገባ ሲከፈት ከማሳደጊያ የወጡ ወጣቶች እንደ አንድ ክፍል ይታዩ። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በእንግሊዝ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያደገ ልጅ 18 ሲሞላው የአካባቢው አስተዳደር ግዴታ አይቋረጥም። እስከ 25 ዓመቱ የሚያማክረው ሰው ሊመደብለት ይችላል፤ ከ18 እስከ 20 ባለው ዕድሜ ቤት አልባ ቢሆንም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ይቆጠራል። ብቻቸውን ተሰደው እዚያ የደረሱና በዚያው እንክብካቤ ሥር ያደጉ የኛ አገር ልጆችም በዚህ ሕግ ቤት ጠይቀዋል። እነሱም የቤት እጥረት አለባቸው፤ ወረፋቸውም ረጅም ነው። ቢሆንም ልጁ ወረፋው ውስጥ ስም አለው። እኛ ለጊዜው የምንጠይቀው ያንኑ ነው፤ የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ ባይሆንም መዝገቡ ውስጥ ይግባ።

ውድ ወንድምና እህቶች፣ ዘንድሮም ረመዷን ሲገባ ኢንሻአላህ ወደ ማሳደጊያው እንሄዳለን። ሳምቡሳውም ይጠቀለላል። በዚህ ጊዜ ግን አፍጥረን ከመውጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀን እንውጣ፤ "በዚህ ዓመት 18 የሚሞላው ማን ነው?" ስሙን፣ ስልኩን እንያዝ። ከሚወጣበት ቀን ቀድመን በሩ ላይ እንገኝ። ወንድማችን ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሲመልስልን አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ "በዚያኛው ፕሮግራም እኔም እመጣለሁ" አለ።

አላህ የቲምን ከሚያስጠጉት ያድርገን፤ ቤት ላጣ ሁሉ መጠለያ ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።